በሥራ አስኪያጁ ስም የጸደቁ አሥራ አራት ጥያቄዎች

ይሄነው ኪዳን የሞተው በወሩ ሚካኤል ዕለት ጠዋት ነው። በዚያ ቀን ገበሬው ማዳበሪያ ሊወስድ ስለማይመጣ የደጋ ፍሬ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ተቆልፎ ይውላል። የመጋዘን ኃላፊው አቶ ፈንታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊቃኙት ብለው ሲከፍቱት፣ ከተናደ የጆንያ ክምር ሥር አንድ ጥቁር ጫማ ወጥቶ አዩ።

ለሌላ ጉዳይ ወረኢሉ የነበረችው ኢንስፔክተር ኢልሀም በስልክ ተጠርታ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ያለበት መካነ ሰላም ከተማ ደረሰች። ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን ታያለች። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አስነሥታ አገላበጠቻቸው። ሟቹ የተመታው ከኋላ ጭንቅላቱ ላይ ነው። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ፈሶ ደርቋል፤ ጆንያዎቹ ላይ ግን ጠብታ እንኳ አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔ የደረደርኩት ጆንያ አይናድም» አሏት አቶ ፈንታው። «እያነባበርኩ ነው የምደረድረው። እጅ ገፍቶታል።»

እሷም የደረሰችበት ይኸው ነበር። መጀመሪያ ሰውየው ተመታ፣ ደሙ ከደረቀ በኋላ ጆንያው ተናደበት።

ይሄነው የመካነ ሰላም ልጅ ነው። ለዶክትሬቱ የሚያጠናው ድርጅቶች የኮምፒውተር ሥርዓት ሲዘረጉ እንዴት እንደሚመሩትና ብዙው ለምን ከታለመለት ሳይደርስ እንደሚቀር ነበር። ለጥናቱ የመረጠውም ዩኒየኑን ነው። ዩኒየኑ ከሁለት ዓመት በፊት የማዳበሪያ ጥያቄ ሁሉ በኮምፒውተር የሚጸድቅበት ሲስተም ዘርግቶ፣ ከየወረዳው ጎብኚ ይጎርፍለት ጀምሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብዙነህም በዚሁ ሲስተም ስም ወደ ክልል ሊሾም ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ብዙነህና ይሄነው ከልጅነት ጀምሮ አይለያዩም፤ ይሄነው የብዙነህን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው።

የመጋዘኑ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ይገኛል። አቶ ፈንታውን በዚያ ጠዋት ግማሹ ከተማ ቤተ ክርስቲያን አይቷቸዋል። ሁለተኛው ብዙነህ ነው። ሦስተኛው ሲስተሙን የሠራው ወጣቱ አህመዲን ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ስላለ ቁልፍ ተሰጥቶታል። አህመዲን ከግድያው ሁለት ቀን በፊት፣ ጥናቱ ሲስተሙ ከታለመለት አልደረሰም እንደሚል ሰምቶ፣ «ልፋቴን ከንቱ አደረግከው» ብሎ ይሄነው ላይ በሰው ፊት ጮኾበታል። በዕለቱም አሞኝ ብቻዬን ቤቴ ተኝቼ ነበር አለ እንጂ ምስክር አልነበረውም። የኢልሀም አለቆች ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ብለው አሳሰሩት። ሰኞ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ቀጠሮ ተያዘ።

ብዙነህ ሐዘኑ ፊቱን አጥቁሮት ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሰውየው የሞተው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ማለቱን ስትነግረው፣ የተጠረዘ ወረቀት ገፋ አደረገላት።

«እኔን አይጠይቁኝ፤ ሲስተሙን ይጠይቁት። በዚያ ሰዓት እዚሁ ተቀምጬ አሥራ አራት ጥያቄ አጽድቄያለሁ። ደቂቃው ሁሉ ተጽፏል።»

እውነትም ተጽፏል። ከሁለት ሰዓት ከሃምሳ እስከ አራት ሰዓት ከአሥር አሥራ አራት ጥያቄ በስሙ ጸድቋል። መጋዘኑ ያለው በወግዲ መውጫ፣ ከቢሮው የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ የትምወርቅም ተጠይቃ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ነበር ብላለች።

«በዓይንሽ አይተሽዋል?» አለቻት ኢልሀም።

«ኮቱ ወንበሩ ላይ ነበር።»

ኢልሀም ፈገግ አለች። በዚህ አገር ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ኮት ብቻውን ስንት ስብሰባ እንደሚውል ያውቃል። ሆኖም ኮት ኮምፒውተር ላይ አይጽፍምና ወደ እስር ቤት ሄደች።

«በብዙነህ ስም ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል?»

«አይችልም» አለ አህመዲን። «የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እንዲህ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«አህመዲን፣ አስብበት። ይችላል ካልክ ለአንተ ነው የሚጠቅምህ።»

«ወላሂ አይችልም።»

ሰው የሚያስፈታውን አንድ ቃል በገዛ ኩራቱ ሲውጠው ማየት ያናድዳል። ኢልሀም ተናድዳ ወጣች። ልጁ ሲስተሙ ወድቋል ከሚል መታሰሩን የመረጠ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ከይሄነው እናት ቤት ላፕቶፑን አስመጥታ ጥናቱን ማንበብ ጀመረች። ይሄነው የጠየቃቸውን ሠራተኞች ስማችሁን አላወጣም ብሎ ቃል ስለገባላቸው በቁጥር ብቻ ነው የሚጠራቸው። መላሽ አራት እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ከሥልጠናው ቀን ወዲህ አለቃችን ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ በስሙ አጸድቃለሁ።» ይሄነውም ከሥሩ፣ አመራሩ ሲስተሙን ለሪፖርት እንጂ ለሥራ አልፈለገውም ሲል ጽፏል።

መላሽ አራት ማን ነው? ኢልሀም የብዙነህን ወረቀት እንደገና ዘረጋችው። ከሦስት ሰዓት ከሃያ እስከ ሦስት ሰዓት ከአርባ ምንም የጸደቀ ነገር የለም። ከዚያ የመዝገብ ቤቱን የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አስመጣች። የትምወርቅ ጠንቃቃ ናት፤ የተረከበችበትን ሰዓት ጭምር ትጽፋለች። በዚያ ጠዋት ከማሻ በአውቶቡስ የመጣ ደብዳቤ በር ድረስ ወጥታ የተረከበችው ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ኢልሀም ሁሉንም በዩኒየኑ አዳራሽ ሰበሰበች። አህመዲን በፖሊስ ታጅቦ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር ተከፍቶ ነበር።

«አቶ ብዙነህ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ያጽድቁልኝ» አለች።

ብዙነህ ሳቅ ለማለት ሞከረ። ቀርቦ ተቀመጠ። ጣቱ በፊደሎቹ ላይ አንዣበበ፣ አንዱን ነካ፣ መልሶ ተነሣ። ስሙን የት እንደሚጽፍ እንኳ ጠፋው። አዳራሹ ውስጥ የሁሉም ዓይን ወለል ላይ ነበር።

«ሰውየው በጆንያ አልሞተም፤ ጆንያው ላይ ደም የለም» አለች ኢልሀም በዝግታ። «የመታው ቁልፍ ያለው ሰው ነው። አቶ ፈንታው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። አቶ ብዙነህን ያዳናቸው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን የትምወርቅ ደብዳቤ ልትቀበል ስትወጣ ይቆማል፣ ስትመለስ ይቀጥላል። ኮታቸውን ወንበር ላይ ትተው ከቢሯቸው በሚያስወጣው የጓሮ በር ወጥተዋል። የትምወርቅ፣ አላስገድድሽም። ይሄነው ስምሽን አልጻፈም።»

የትምወርቅ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እያለቀሰች፣ አሥራ አራቱንም ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፣ ጠዋት ገብተው አጽድቂልኝ ብለውኝ በራቸውን ዘጉ፣ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም አለች።

ብዙነህ ብዙ አልተከራከረም።

«በሬን የከፈትኩለት እኔ ነኝ» አለ። «የልባችሁን ንገሩት ብዬ ሠራተኞቼን የሰበሰብኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ራሱ አምጥቶ ሲያስነብበኝ ጉዴ ሁሉ ተጽፏል። መጋዘን የቀጠርኩት አጥፋልኝ ብዬ ልለምነው ነበር።»

ኢልሀም ከላፕቶፑ ያስወጣችውን ገጽ ፊቱ አኖረች።

«ይሄ በሞተበት ዋዜማ ለአማካሪው የላከው ነው። የዩኒየኑም የመካነ ሰላምም ስም የለበትም። ‹በአንድ ድርጅት› ነው የሚለው። ማንም እርስዎን ሊያውቅዎ አይችልም። ይህን አልነገረዎትም?»

ብዙነህ ገጹን አየው።

«ነግሮኛል» አለ። «በክርስትና ልጁ ማለልኝ። አላመንኩትም።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አቶ ፈንታው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የአህመዲን ካቴና ተፈታ። ልጁ ግን አልተነሣም፤ የእጁን አንጓ እያሻሸ የሥራ ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ተመለከታቸው። የምሳ እንጀራ አብሯቸው የቆረሰ፣ እሑድ ሳይል ቅዳሜ ሳይል ማሽናቸውን ያስተካከለላቸው ሰዎች ናቸው።

«የይለፍ ቃሉ የትምወርቅ ጋ እንደነበረ ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?» አለ።

ፊቱን ወደ አቶ ፈንታው አዞረ።

«እኔ አምስት ቀን ሙሉ ታስሬ፣ አይቻልም እያልኩ ስምል፣ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

አቶ ፈንታው ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አህመዲን ተነሥቶ በመካከላቸው አለፈ፤ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።