ላንቺ ብቻ ነው

«እናቴ የምትኖረው መኪና ውስጥ ነው» አለች አዜብ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህር ምንይችል ጠረጴዛውን በዳስተር መታ መታ አድርገው «ቀጥይ» አሏት። በዚያ ሳምንት የስምንተኛ ቢ ተማሪ ሁሉ ተራ በተራ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስለ አንድ ጉዞ እንዲናገር ታዝዞ ነበር። ግማሹ ስለ ደብረ ታቦር፣ ግማሹ ስለ ባሕር ዳር አውርቶ ተቀምጧል።

«መኪናው ግን ቤት ነው» አለች አዜብ። «አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሻወር አለው። እናቴ ጣልያን አገር ከአንድ ሽማግሌና ከሚስታቸው ጋር የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተሞችን እየዞረች ነው። አሁን እዚያ ብርድ ስለሆነ እንግዳ የለም፤ ሆቴሉ ሁሉ ዝግ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍተው ባሕሩ የሷ ብቻ ነው።»

አሁን ማንም አልሳቀም። በክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚከበርና ማን እንደሚናቅ የምትወስነው ፍቅር እንኳን «ይመቻት አቦ!» ብላ አጨበጨበች።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሪሃና አንገቷን ደፋች። ከአዜብ ሌላ እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። አዜብ ከገጠር መጥታ መካነ ኢየሱስ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው፤ ስልክ የላትም። እናቷ ደጊቱ የድምፅ መልእክት የምትልክላት በሪሃና ቴሌግራም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ልጆች ከትምህርት በኋላ የሪሃና አባት ሱቅ ጓዳ ገብተው፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው አብረው ሰምተዋል። ሽማግሌው ሚስታቸውን የሚያዞሯት አእምሮዋን ስለሳተች ነው፤ በወጣትነታቸው ከተዝናኑባቸው ከተሞች አንዱ እንኳ ትዝ ቢላት ብለው። ደጊቱ አብራቸው የምትሄደው ሴትዮዋን ልታጥብ፣ ልታጎርስ፣ ልታለብስ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ አዜብ ከሪሃና ጋር የምትቀመጥበትን ዴስክ ለቃ ከነፍቅር ጋር ተቀመጠች። ሪሃና ነገ ትመለሳለች እያለች ሳምንት ጠበቀች። ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ቧንቧው አጠገብ ፍቅር «ያቺ የጨርቅ ሻጩ ልጅ ጓደኛሽ ናት እንዴ?» ስትል ሰማች።

አዜብ ሳቀች። «ምን ጓደኛዬ! ስልኳን ነው የምፈልገው።»

ሪሃና ቤቷ ገብታ ማልቀስ ትችል ነበር። አላለቀሰችም። በማግስቱ ስልኳን ሂጃቧ ሥር ደብቃ መጣች። መምህሩ ከመግባታቸው በፊት ዴስክ ላይ ወጥታ «የአዜብ እናት ሰላም ብላችኋለች!» አለችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

«አዜቤ፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ሴትዮዋ ፊቴን ቧጨረችኝ። ሽንት ጨርቋን ስቀይርላት ነው። ማን እንደሆንኩ ስለማታውቅ ሌባ ትለኛለች። የምተኛው ጠረጴዛውን አጥፌ ስለሆነ እግሬን አልዘረጋም። ከተማው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ባይ ደስ ባለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሺ? ላንቺ ብቻ ነው…»

እዚህ ላይ ሪሃና ልታጠፋው አሰበች። ጣቷ ግን አልታዘዘም። ደጊቱ እስክታለቅስ፣ አልቅሳም አፍንጫዋን እስክትጠርግ ድረስ ሁሉም ተሰማ።

«ባሕሩ የሷ ብቻ ነው!» አለች ፍቅር የአዜብን ድምፅ አስመስላ። ከኋላ አንዱ «ሽንት ጨርቅ!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ተቀባበለው።

አዜብ አላለቀሰችም። ሪሃናን አየቻት፤ አስተያየቷ የንዴት አልነበረም፣ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ነበር። ደብተሮቿን ሰብስባ ወጣች። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ «ሽንት ጨርቅ» የሚለው ስድብ በትልቁ ተጽፏል።

«ነይ እዚህ» አለቻት ፍቅር ሪሃናን፣ የአዜብን ቦታ እየጠቆመች። «አንቺ'ኮ ቀላል አይደለሽም!»

ሪሃና ሄዳ ተቀመጠች። ደስ አላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደስ አላት።

ረቡዕ አዲስ መልእክት ገባ። የደጊቱ ድምፅ ፈክቷል። «አዜቤ፣ ስለ ጉዞው ተናገርሽ? እኔ እንዳልኩሽ ነው አይደል የተናገርሽው? በሩን ስትከፍተው ባሕሩ የሷ ብቻ ነው አልሻቸው? አንቺ እንደዚያ ብለሽ ስትናገሪ ለኔም እውነት ይመስለኛል። ሪሃናዬ፣ አጠገቧ ካለሽ፣ ልጄን እንደ እህት ስለያዝሽልኝ እግዜር ይስጥሽ።»

ሪሃና ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን የገጠሩን መንገድ ያዘች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አዜብ ወደተመለሰችበት፣ ወደ አክስቷ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ግቢ ደረሰች። አዜብ አውድማው ላይ ገለባ ትጠርጋለች። ቀና ብላ አየቻትና መጥረጓን ቀጠለች።

«እናትሽ ልካልሻለች።»

አዜብ መጥረጊያውን ጣለች። ስልኩን ተቀብላ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ ቁልፉን ተጭና መናገር ጀመረች። ድምፅዋ የደስተኛ ልጅ ድምፅ ነበር።

«እማ፣ ተናገርኩ። በጣም ወደዱት፤ አጨበጨቡልኝ። ሪሃና ግን ይሄን ስልክ ልትሸጠው ነው። ሌላ ቁጥር እስክልክልሽ እንዳትልኪ፣ እሺ? አይዞሽ።»

ስልኩን መለሰችላት። «እዚህ ኔትወርክ የለም። ጉብታው ላይ ስትደርሺ ራሱ ይሄዳል።»

«አዜብ፣ እናትሽን በምን ልታገኚያት ነው?»

«አላገኛትም። አንቺ ከምትሰሚያት እኔም ይቅርብኝ።»

«ይቅር…»

«ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ።»

ሪሃና ሄደች። ከመልእክቱ ጎን ትንሿ የሰዓት ምልክት ትታያለች፤ ገና አልተላከም። ጉብታው ሥር ስትደርስ ቆመች። ሃያ እርምጃ ብትራመድ ደጊቱ ከልጇ የመጨረሻውን ድምፅ ትሰማለች። ብታጠፋው ደግሞ የእናትና የልጅን ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳሻት ማድረጓ ነው። ሁለቱንም እሷ መወሰን የለባትም።

ዞረች። ስልኩን ከነሲም ካርዱ አዜብ እጅ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ መላክም ማጥፋትም የራሷ ነው። ብትወረውረውም ትወርውረው። አባቷ ስልኩ የት አለ ማለታቸው አይቀርም። «ጠፋብኝ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። በምትኩ ዴስኩ ላይ ከወጣችበት ጀምራ ምን ብላ እንደምትነግራቸው እያሰበች ወደ አውድማው ተመለሰች። እንዴት አድርጋ ብታወራው እሷን ደህና ልጅ የሚያስመስላት መንገድ አልተገኘም።