ሳጥኗን የቀሰቀሰችው ድመት

«አሁን ሰላም ትላችኋለች፤ እዩዋት!» አለ ኢያሱ፤ በአውራ ጣቱም ውሃ ሲመጣ የምትጮኸዋን ትንሽ ሳጥን ቁልፍ ተጫነ።

ትንሿ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለች። በር ላይ ካርቶን አንጥፈው የምሽት አየር የሚቀበሉት ጎረቤቶች «ማሻአላህ!» አሉ። ከዚህ በኋላ የኢያሱን ምላስ የሚያቆመው አልነበረም። ሳጥኗ ውሃን ገና ከሻምሳን ተራራ ማዶ ሳለ እንደምታሸተው ነገራቸው። ባለፈው ሳምንት ሁጀይፍ ወደብ ላይ የአንድ መርከብ ሆድ ተቀዶ ውሃ ሲገባበት፣ እዚህ ኤደን፣ ተዋሂ ሰፈር ሆና ጮኻ ካፒቴኑን አተረፈችው። ካፒቴኑም የወርቅ ሰዓት ሊያስርላት መጥቶ፣ እጅ የሌላት መሆኗን ሲያይ አልቅሶ ተመለሰ።

«ደግሞ ላሳያችሁ?» ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ።

ሳጥኗን የሠራት እሱ እንዳልሆነ ብቻ ነበር የረሳው። የሠራቻት የታችኛው ቤቷ ዙሀራ ናት፤ አባቷ የወሎ ሰው፣ እናቷ የኤደን ልጅ። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የተበላሸ ራዲዮ አጠገቧ ካለ ግን ምሳ አይወርድላትም።

በዚህ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው እንቅልፍ በሚጥምበት ሰዓት፣ ሊነጋ ሲል ነው። ያኔ ተነስቶ ዲናሞ በሚሉት መሳቢያ ወደ ጣሪያው ታንከር ያልሞላ ሰው ቀኑን ሙሉ የቦቴ መኪና ሲለማመጥ ይውላል። የኢያሱ አክስት እትዬ አቻምየለሽ የትንንሽ ሆቴሎችን አንሶላ እያጠቡ የሚኖሩ ናቸው። ውሃው እንዳያመልጣቸው ለዓመታት ቧንቧው ሥር ሲሚንቶ ላይ ሲተኙ ወገባቸው አለቀ። ዙሀራ ይህን አይታ ነው ከአንዲት መዳፍ የማትሞላ ቦርድና ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሳጥኗን የሠራችላቸው። ሳጥኗ ስትተኛ ትውላለች፤ ሊነጋጋ ሲል ግን እየነቃች ቧንቧውን ትዳስሳለች፤ ውሃ ካገኘች ትጮኻለች።

መጀመሪያ ላይ ሙታን የሚቀሰቅስ ጩኸት ጮኸች። ሰሞኑን ግን ዝም ብላለች።

«ዛሬም አመለጠን!» አሉ እትዬ አቻምየለሽ በማግስቱ ጠዋት፤ ባዶው ባልዲ በእጃቸው ነው። «ዙሀራ ልጄ፣ ድካምሽን አውቃለሁ። ግን ሆቴሎቹ አንድ ቀን ደግሞ ካዘገየሁባቸው አንሶላውን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። ኻላስ፣ በቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሲሚንቶዬ እመለሳለሁ።»

«አንድ ዕድል ስጡኝ፣ እትዬ» አለች ዙሀራ። «እስከ ማግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ።»

ጣሪያው ላይ ወጡ። የኤደን ፀሐይ ያን ቀን ቁራዎቹን ሳይቀር ላባቸውን አስወልቃ እጃቸው ላይ ልታስይዛቸው ምንም አልቀራትም ነበር። ዙሀራ ግን ላቧን በክንዷ እየጠረገች ሳጥኗን ከፈተች፤ ኢያሱ ከሻሿ በላይ ካርቶን ይዞ ጥላ ሆነላት።

ኤሌክትሪክ የምትለካበትን የቴስተሩን ሽቦዎች ባትሪውና ቦርዱ መካከል አስገባች። ቁጥሩን አየች፤ ደግማ አየች።

«ስትተኛ የምትበላው ይኼው ነው። በዚህ ጉንዳን እንኳ አይጠግብም። ሁልጊዜ የምትበራዋን የቦርዱን መብራት ያኔውኑ ፍቄ ጥያታለሁ፤ ሌባዋ እሷ ነበረች። ታዲያ ባትሪውን ማን ጨረሰው?»

«ሙቀቱ ይሆን?»

«ብዬ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬም፣ ቆርቆሮ ላይ ጠብሼም ሞክሬያታለሁ። ሰዓቷን ሙቀቱ ያዛባዋል፤ ግን በደቂቃ ነው። እሷ የምትሳሳተው በሰዓታት ነው።»

ኢያሱ የካርቶኑን ጥላ አስተካከለላት። እሱ ሳጥኗን አመስግኖ በማይጠግብበት ጊዜ ይቺ ልጅ እንደ ሽሮ ድስት ስትጥዳት ነው የከረመችው።

«ሰዓቱን ግን እንዴት ነው የምታውቀው?»

«አታውቀውም እኮ! ስትተኛ ሰዓቷም አብሯት ይተኛል። ስለዚህ እንቅልፏን እንድትቆጥር አስተማርኳት። የገጠምኳት ቀን ልክ የማግሪብ አዛን ሲል ቁልፉን አንዴ ተጫንኩ። ለእሷ ያቺ ማግሪብ ናት፤ ከዚያ ጀምራ ትቆጥራለች።»

«ቁልፉ... እንደገና ቢነካስ?»

«ሁሉን ትረሳለች። አሁን ማግሪብ ነው ብላ ከዜሮ ትጀምራለች። ደግሞ ስትነሳ መብራቷን ታብለጨልጫለች፤ ባትሪ ትበላለች። ግን ማን ይነካዋል?»

የኢያሱ አውራ ጣት ኪሱ ውስጥ ገባ። ጎረቤቶቹ የሚሰበሰቡት ከማግሪብ ስንት ጊዜ በኋላ ነው!

«ይልቅ ስማኝ» አለች ዙሀራ ላፕቶፑን እየከፈተች። «ቺፑ፣ የቦርዱ አንጎል፣ ማን እንደቀሰቀሰው ያውቃል። ባትሪ ደክሞ ይሁን፣ ራሱ ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን ለይቶ ይይዛል። በነቃች ቁጥር እንድትጽፈው ከመጀመሪያው ኮዱ ውስጥ አስገብቻለሁ።»

ማያው ላይ የወጣውን ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው፤ «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ... ወላሂ፣ የኔ አንዱ ብቻ ነው!»

«ድመት!» አለ ኢያሱ።

ከየት እንደመጣች እሱም አያውቅም። ከመጣች ግን አይቀር፣ ኢያሱ ጭራ ቀጠለላት፤ ጆሮዋ የተበጣ፣ የፉቁም መንደር ዓሣ አጥማጆች ያባረሯት ሆዳም ናት፤ የሳጥኗ መብራት የዓሣ ዓይን ይመስላታል፤ በየማታው እየመጣች በመዳፏ ትጫነዋለች።

ዙሀራ ረጅም ጊዜ አየችው። እንደምትስቅበት ጠብቆ ነበር።

«እውነትክን ነው» አለች። «ቁልፉን ከላይ ማድረጌ ነው ጥፋቱ። እንዴት ድመት አላሰብኩም!»

ወዲያው ሥራ ጀመረች። ከጃም ማሰሮ ክዳን መሸፈኛ ቆረጠች። ለረጅም ጊዜ ካልተጫኑት ቁልፉ እንዳይሠራ ኮዱን ለወጠች። የራሷን ስህተት ያገኘች ሰው እንዲህ ሲደሰት ኢያሱ አይቶ አያውቅም። እሱ በቁመቱ ልክ ውሸት ሲያወራ እሷ ለውሸቱ ክዳን ትሠራለች።

«አሁን ወርጄ ለእትዬ ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ» አለች ሽቦዋን እየሰበሰበች። «ዛሬ ደግሞ እሳቸው ሲሚንቶ ላይ አይተኙም። ምንጣፌን አምጥቼ ቧንቧው ሥር እኔ አድራለሁ፤ እስካምናት ድረስ።»

ሊመሽ ሲል ምንጣፏን በብብቷ ይዛ፣ ሳጥኗን በእጇ ታቅፋ መጣች። ጎረቤቶቹ ዛሬ ከወትሮው ቀድመው ካርቶናቸውን አንጥፈው ጨርሰዋል።

«ያላ ኢያሱ! ሰላም አስብላት እንጂ!»

ምላሱ ላይ አንድ አዲስ ታሪክ ቆሞ ነበር፤ ዓሣ ነባሪም ነበረበት። ዋጠው።

«ዛሬ ሰላም አትልም። እንቅልፏን ልትቆጥር ነው፤ አይነካም።»

«ማን አለ?»

«የሠራቻት» አለና በአገጩ ወደ ዙሀራ አመለከተ።

ከዚያ ወደ ቧንቧው ተከተላት። አውራ ጣቱን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ ላይ ቀሰረው።

«ድመቷ ይቺ ናት።»

ዙሀራ ጣቱን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ጣቱን አየች።

«ጭራዋስ?»

«ጭራዋን እኔ ነኝ የቀጠልኩላት። እትዬም ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ምንጣፉን ስጪኝ፤ የምተኛው እኔ ነኝ።»

ዙሀራ ምንጣፉን ደረቱ ላይ ወረወረችለት። አንጥፎ ሳይጨርስ የማግሪብ አዛን ከየመስጊዱ ተነሳ። ዙሀራ ክዳኑን ከፍታ ሳጥኗን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ተጫን። አንዴ።»

በረጅሙ ተጫነ። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ከዚያ ክዳኑን ራሱ ገጠመና ሁለት እጆቹን ቂጡ ሥር ቀብሮ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።