የማይነሳ ጥሪ

ፀሐይ ከጨረቃ ጀርባ ገብታ ጨረቃን የሚዞረው የስልክ ጣቢያ ሲጨልም ትርሲት ቀና ብላም አላየች፤ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። እሷን ያሳሰባት ፊቷ ካለው ሰሌዳ ላይ ቀይ የሆነው መስመር ነበር። ከጨረቃ ከተማ ወደ ምድር የሚወጣ ጥሪ ሁሉ በዚህ ጣቢያ ያልፋል። ከእያንዳንዱ ጥሪ ፊት ደግሞ «ደጅ አንኳኪ» የሚሉት ትንሽ ምልክት ይሄዳል፤ «ሰውየው አለ? መስመሩ ክፍት ነው?» ብሎ ጠይቆ ለድምፁ መንገድ የሚያስከፍት። ዛሬ ደጅ አንኳኪዎቹ ወጪው መስመር ላይ ተጨናንቀው መላወሻ አጥተዋል። የሆስፒታሉ ጥሪ እንኳ ወረፋ ይዞ ቆሟል። መቼም ሰው ጨረቃ ላይ ቢወጣም ወረፋ አይለቀውም።

የፈረቃው ኃላፊ ጋሽ ደምመላሽ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«ምን አገኘሽ?»

«አንዴ ብቻ አቃጭለው የሚቋረጡ ጥሪዎች ናቸው፤ መዓት ናቸው። ማንም አያነሳቸውም። ጨረቃ ላይ በረዶ ከሚቆፈርባቸው ጉድጓዶች በኩል ነው የሚመጡት። የቆፋሪዎቹ ስልኮች ተበላሽተው ይመስለኛል።»

«የማይነሳ ጥሪ ምን ያደርግልናል? ዝጊበት።»

ትርሲት የመስመሩን መውጫ በር አጠበበች፤ አቃጭሎ የሚቋረጥ ጥሪ እንዳይወጣ ትእዛዝ ሰጠች። መስመሩ ወዲያው ወደ አረንጓዴ ተመለሰ፤ የሆስፒታሉም ጥሪ ሄደ። ጋሽ ደምመላሽ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። እሷም በሥራዋ ረክታ ነበር፤ መካድ አይቻልም።

ደስታዋ ግን አልዘለቀም። ከምድር ወደ ጣቢያው የሚደውለው ሰው በዛ። አንዱን ራሷ አነሳችው።

«ልጄ ሞቷል መሰለኝ፤ እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ ሴትዮዋ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ይባላሉ፤ የሚደውሉት ከደብረ ሲና፣ በጎረቤት ስልክ ነው። ልጃቸው አንተነህ ጨረቃ ላይ በረዶ ይቆፍራል። ከጉድጓድ በወጣ ቁጥር አንዴ አቃጭሎ ይዘጋል፤ «በሰላም ወጣሁ» ማለቱ ነው። ዛሬ ሰዓቱ አልፏል፤ የሳቸው ስልክ ግን ዝም ብሏል።

ትርሲት ፈጥና ሰሌዳውን አየች። አንተነህ ከጉድጓድ ወጥቷል፤ ደጋግሞም ሞክሯል። ጥሪውን ያስቀረችበት እሷ ናት።

«እማማ፣ ልጅዎ ደህና ነው። ጥፋቱ የኛ ነው።»

«እሱንማ እንደራሴውም ነግሮኛል።»

እንደራሴ የሚባለው በባለቤቱ ድምፅና ጠባይ ተሠርቶ፣ ባለቤቱ ሥራ ሲበዛበት በእሱ ፈንታ የሚደውልና የሚመልስ ማሽን ነው። ሰላምታ አያልቅበትም፣ ናፍቆት አይደክመውም።

«የጎረቤቴ ልጅ ጉድጓድ ተንዶበት የሞተ ዕለት፣ እንደራሴው ደውሎ ‹ደህና ነኝ እማዬ፣ አታስቢ› ብሏታል» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል። «ማሽን ደህና ነኝ ለማለት ምን ገዶት! ሚስኮሉን ግን አንተነህ በገዛ ጣቱ ነው የሚያደርገው። እሱ ካልመጣልኝ አላምንም። ለመሆኑ አንቺስ ሰው ነሽ ወይስ ማሽን?»

ትርሲት ማንንም ሳታስፈቅድ በሩን መልሳ ከፈተችው። ብዙም ሳይቆይ በሴትዮዋ በኩል የራሳቸው ስልክ አንዴ አቃጨለና ዝም አለ።

«ይኸው፣ እሱ ነው!» አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

«መልሰው አይደውሉለትም?» አለች ትርሲት።

«ለምን? ነገረኝ እኮ! ደክሞታል፣ ይረፍ። ተባረኪ ልጄ።»

መስመሩ እንደገና ቀላ። ጋሽ ደምመላሽ እየሮጡ መጡ።

«ምን ማድረግሽ ነው? የታመመ ሰው ይሙት?»

«ሆስፒታሉ ይቅደም። ከሱ ቀጥሎ ሚስኮሎቹ ይውጡ። እንደራሴዎቹ ከኋላ ይሰለፉ።»

«ከተማው በሙሉ ይጮህብናል!»

«ከጮኸ እመልሰዋለሁ፤ ጥፋተኛዋም እኔ ልሁን።»

ጩኸቱን ጠበቁ፤ አልመጣም። የእንዴት ከረምሽ፣ የናፈቅከኝ፣ የእንኳን አደረሰህ ጥሪ ሁሉ ወረፋ ላይ ተገትሮ ዋለ፤ «ጥሪዬ የት ደረሰ?» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። የምድሩ እንደራሴ የጨረቃውን እንደራሴ ይጠብቅ ነበር እንጂ ሰው ሰውን የሚጠብቅበት ጥሪ አልነበረም። ጋሽ ደምመላሽ ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ፤ ስለ ትእዛዟም ሁለተኛ አላነሱባት።

ትርሲት የተሰለፉትን ስታይ የራሷን ስም አገኘችው። በየቀኑ ለአባቷ የሚደውልላት እንደራሴዋ እዚያው ከሌሎቹ ጋር ቆሟል። መቆሙን እሷም አላወቀችም፤ አባቷም አልጠየቁም። አፈረች። እንደራሴዋን አጠፋችና በገዛ ጣቷ ወደ አባቷ ደወለች፤ አንዴ እንዳቃጨለ ዘጋችው።

ወዲያው ተደወለላት።

«ትርሲት? ምን ሆነሽ ነው?» አባቷ ነበሩ፣ ራሳቸው።

«ምንም አልሆንኩም አባዬ። ሰላም ልልህ ነው።»

«ድምፅሽ ጎርነን አለብኝ። ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?»

እንደራሴዋ የተሠራው ገና ወደ ጨረቃ ስትመጣ ነበር፤ ድምፁም የዚያን ጊዜዋ ልጅ ድምፅ ሆኖ ቀርቷል።

«ጉንፋን አይደለም» አለች፤ «ድምፄ እንዲህ ከሆነ ቆይቷል።»

አባቷ ከኋላቸው የሚያወራውን ሬዲዮ ሲዘጉት ተሰማት።

«እንግዲያው ትንሽ አጫውቺኝ» አሉ፤ «ልልመደው።»