ከእሳቱ በፊት የተቀባው በርሜል

ሁለቱ ዶሮዎች በርሜሉ ሥር ተዘርረዋል። ምንቃራቸው ኩሬው ውስጥ ነው።

እናት ልጆቿን ወደ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችባቸው። ከዚያ ተመልሳ ቆመች። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ክዳን የሌለው በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ለአየር ተብለው ከታች በተበሱት ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ነው።

በርሜሉ ሥጋ በጭስ ማብሰያ ሊሆን ነው። ነገ ውስጡን በእሳት አቃጥለው፣ የመጀመሪያውን ሥጋ ለልጆቹ ሊያበስሉበት ነው።

«የጎረቤት የአይጥ መርዝ ይሆናል» አለ ባሏ። «አንቺ ደግሞ ዶሮ ባስነጠሰ ቁጥር መርማሪ ነሽ።»

«አላስነጠሱም። ሞተዋል።»

ጎረቤቷን ጠየቀች። መርዝ የላትም፤ ድመት ነው ያላት።

በርሜል ሻጩ ዘንድ ሄደች።

«ምን ነበረበት? እውነቱን ንገረኝ!»

«የምግብ ዘይት ነዋ! አንቺው አይደለሽ እንዴ ጭንቅላትሽን ከተሽ ያሸተትሽው? ሰው ሁሉ ሲስቅብሽ ነበር እኮ፣ እናቴ።»

እውነት ነው። አሽትታለች። ውስጡንም በቁልፍ ፍቃዋለች፤ ባዶ ብረት ነበር፣ አብረቅርቋል። ከዚያ በርሜሉን ጭኖ የወሰደው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በያጅ ነው፤ በስቶ፣ ቀብቶ ያመጣው እሱ ነው።

ቀብቶ።

እቤት እስክትደርስ ይህ ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። «መጀመሪያ ይቃጠላል፣ ቀለም ከዚያ ነው፤ አለዚያ ይላጣል» ብሎ የነገራት እሱ ራሱ ነበር።

በቁልፉ ውስጡን ፋቀችው። ቡናማ ሽፋን እንደ ቆዳ ተላጠ። ጨርቅ በቀለም ማስለቀቂያው አኳራጅ ነክራ ውጩን አሸችው። ከሰማያዊው ቀለም ሥር የተባይ ማጥፊያ ምልክት ወጣ፤ የራስ ቅልና አጥንት።

በያጁ የሥጋ መጥበሻውን ሽቦ ተሸክሞ ሲገባ ምልክቱን በጀርባዋ ከልላ ጠበቀችው።

«ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እንዲያምርልሽ ብዬ።»

«ከእሳቱ በፊት?»

«ረሳሁት።»

«ሙያህን?»

ዘወር አለችለት። ምልክቱን ሲያይ ሽቦው ከእጁ ወደቀ።

«እሳት የማያጸዳው ነገር የለም፣ እትዬ! ሲነድ ሁሉም ይወጣል።»

«ጎሽ። እንግዲያው ነገ ልጆችህን ይዘህ ና። ቀድመው ይብሉ።»

ሽቦውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ነገ... ነገ አይመቻቸውም።»

እስካሁን ፈገግ ሲል የነበረው ባሏ ከመቀመጫው ተነሣ።

«የእኔ በርሜል የት አለ?» አለች።

«ቤቴ።» አንገቱን ደፋ። «ቧንቧው ውሃ ካቆመ ሰነበተ። የነበረኝ በርሜል ይሄ ብቻ ነው። ከዚህ ቀድቼ ለልጆች ማጠጣት ፈራሁ። አንቺ ጋ ግን ይቃጠላል ብዬ ለዋወጥኳቸው...»

«ለልጆችህ መፍራት ታውቅበታለህ ማለት ነው።»

መዶሻ አንስታ አቀበለችው።

«ንጹሑ ለልጆችህ ይሁን፤ ይጠጡበት። ይህን ግን እዚሁ፣ እኔ እያየሁህ ጨፍልቀው። ሌላ ሰው ቤት እንዳይገባ።»

እስኪጨርስ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ባሏ ዶሮዎቹን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረ። ከዚያ እጁን ታጥቦ መጣ።

«ሌላ በርሜል ልገዛ ነው» አላት። «ነይ፣ ጭንቅላትሽን ከተሽ አሽቺልኝ።»

አልሳቀም።