አሥራ ሁለት ምት ከነጩ ድንጋይ

የኑርዬ አስከሬን የተገኘው በመስከረም 2014 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጧት፣ ሐይቁ ዳር ባለው የጎልፍ ሜዳ አምስተኛው መነሻ ላይ ነበር። በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከማጅራቱ በላይ ራሱ ተሰንጥቋል። ጉሙ ከውሃው ላይ ገና አልተነሳም።

ምክትል ኢንስፔክተር ኡሙሰልማ አጎንብሳ ዙሪያውን አየች። የተደፋበት ቋጥኝ ከራሱ ሥር በቀር ንጹሕ ነው፤ ሌላ የደም ጠብታ የለበትም።

«ወድቆ አይደለም» አለች። «ከኋላው የመታው ሰው አለ።»

ኑርዬ ዱባይ ውስጥ አሥር ዓመት የጎልፍ ሣር ሲንከባከብ ኖሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ይህችን ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ በገዛ እጁ አበጃት። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ኳሱ መጀመሪያ የሚመታበት ሁለት መነሻ አደረገ፤ ለቅርቡ ቀይ የተቀባ ድንጋይ፣ ለሩቁ ነጭ። የአምስተኛው ነጭ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ገባ ባለ ቋጥኝ ላይ ስለሆነ ከዚያ የተመታ ኳስ ሐይቁን መሻገር አለበት።

በዚያ ጧት ሦስት ሰዎች ተራ በተራ፣ ለየብቻቸው ተጫውተዋል። መጀመሪያ የሟች እህት ሒክማ፣ ቀጥሎ ከሳውዲ የተባረረው ሙስዓብ፣ በመጨረሻ በጦርነቱ ከወልድያ ተፈናቅሎ ኑርዬ ቤት የተጠጋው መምህር ውበቱ። አስከሬኑን ያገኘው ውበቱ ነበር።

መንገዱን የሚጠብቁ ወጣቶች ወሬውን ሰምተው ዱላቸውን እንደያዙ ወረዱ።

«መምህር ተብዬው ሰርጎ ገብ ነው! አውጡልን!»

ኡሙሰልማ ውበቱን ሜዳው ዳር ወዳለች የቆርቆሮ ቤት አስገብታ በሩ ላይ ሁለት ፖሊስ አቆመች።

«መምህር፣ ከየትኛው መነሻ ነበር የሚጫወቱት?»

«ከነጩ። ለዚህ ነው ቋጥኙ ላይ የወጣሁት። ስደርስ ተደፍቶ አገኘሁት… ያበላኝን ሰው ምን ብዬ እገድላለሁ?»

ሒክማ ዓይኗ አብጧል። የሦስቱ ምት የሚጻፍባቸውን ካርዶችና የወንድሟን የጨዋታ መዝገብ ከሣጥን አውጥታ ለኡሙሰልማ ሰጠቻት።

«ካርዶቹ አናት ላይ ያለው ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?»

«ሃንዲካፑ ነው፣ ከጠቅላላው ምት የሚቀነስልን። ከነጩ የሚነሳ ሰው ሜዳው ስለሚከብደው በዛ ያለ ይቀነስለታል። ኑርዬ ሳንጀምር ከየት እንደምንነሳ ጠይቆ ይህን ቁጥር ብቻ ይጽፋል። የድንጋዩን ቀለምና ምታችንን ስንጨርስ ራሳችን እንሞላለን።»

«ዛሬስ ጽፎ የት ሄደ?»

«አምስተኛው ላይ ቆሜ የማየው ነገር አለ ብሎኝ ወጣ። እኔ ከቀዩ መትቼ ሳልፍ ጉም ነበር፣ አላየሁትም።»

ሙስዓብ ጥያቄውን የመለሰው ፈጠን ብሎ ነው።

«እኔ ዛሬ በቀዩ ነው የተጫወትሁት። ወላሂ፣ ቋጥኙን አልረገጥሁም።»

«ዱባይ ውስጥ ለሚደረግ የጎልፍ ውድድር ተጠርተሃል አሉ።»

«ከነጩ የተጫወትኋቸው አምስት ካርዶች ካሟላሁ ነው። አራት አለኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ነገ» አለች ሒክማ ቀድማው።

ኡሙሰልማ መዝገቡን ገለጠች፤ ካርዶቹን አስተያየች። ከዚያ የሙስዓብን የጎልፍ ዱላ ከረጢት ከፍታ ስትቆጥር አንድ ጎድሎ አገኘችና ለአንዱ ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። እሱም ሱሪውን ሰብስቦ ወደ ቋጥኙ ሥር ወረደ።

ሲመለስ ሦስቱን አንድ ላይ አስቀመጠች። የወጣቶቹም አለቃ ገብቶ እንዲሰማ ፈቀደች።

«መዝገቡ ውስጥ ባሉት የሙስዓብ አራት ካርዶች ላይ አምስተኛው ጉድጓድ ሁልጊዜ በሦስት ምት ተጠናቋል» ብላ ጀመረች። «ውሃ ተሻግሮ፣ አራት ጊዜ፣ ያለ አንድ ስህተት። ኑርዬ አላመነም። ሙስዓብ ከቀዩ እየመታ ነጭ ብሎ ይጽፋል ብሎ ጠረጠረ። ዛሬ በዓይኑ ሊያይ ሄደ።»

«ዛሬ ቀይ ብዬ ነው የጻፍሁት!» አለ ሙስዓብ። «ካርዱን እይው!»

«አይቼዋለሁ። መዝገቡ እንደሚለው ከቀይ ስትነሳ ዘጠኝ ይቀነስልሃል፣ ከነጭ ስትነሳ አሥራ ሁለት። ዛሬ ካርድህ ላይ ኑርዬ በራሱ እጅ የጻፈልህ አሥራ ሁለት ነው። ስትነሳ ነጭ ብለኸዋል። አንድ ካርድ የጎደለውና ቀኑ ነገ የሚያልቅበት ሰው ለምን በቀይ ይጫወታል? ቀይ ብለህ የሞላኸው ነጩ ድንጋይ ሥር ሬሳ ስለተውህ ነው።»

ፖሊሱ በጨርቅ የያዘውን የብረት ዱላ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ውሃ ይንጠባጠባል። እጀታው ላይ የሙስዓብ ስም ተቀርጿል።

ሙስዓብ ዓይኑን ከስሙ ላይ አነሳ።

«ከቀዩ ስመታ ከቋጥኙ ላይ ጠራኝ» አለ። «ና ከዚህ ምታና አሳየኝ አለኝ። መታሁ፤ ኳሷ ውሃ ገባች። ወንድሜ፣ አራቱንም እሰርዛቸዋለሁ አለና ዞረ። ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻግሬ ሁለት ጊዜ አስረው መልሰውኛል። አሁን ደግሞ ጦርነቱ እየመጣ ነው። እዚህ ልሙት?»

«እና እሱ ይሙት?» አለች ሒክማ።

የወጣቶቹ አለቃ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ውበቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «መምህር፣ አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን» አለ። ውበቱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅስ ነበር።

ሙስዓብን በካቴና አስረው ወደ አስፋልቱ ሲያወጡት መንገዱ ከሰሜን በሚመጡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ ፍራሽ የተሸከሙ፣ ከብት የሚነዱ፣ ልጅ ያዘሉ። ሒክማ የኡሙሰልማን ክንድ ያዘች።

«እቱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ለፍርድ ይቀርባል?»

ኡሙሰልማ የሰዉን ጎርፍ አየች።

«የምርመራ መዝገቡን እኔ ነኝ የያዝሁት» አለች።

በጥቅምት ጦርነቱ ደርሶ ከተማዋ ስትለቀቅ የፖሊስ ጣቢያው ባልደረቦች ብርድ ልብስና ስንቅ ጭነው ወጡ። ኡሙሰልማ ግን ከደሴ ባሻገር፣ እግሯ እስኪላጥ በሄደችበት መንገድ ሁሉ፣ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው የኑርዬን የምርመራ መዝገብ ነበር።