ሠላሳ አራት ቁጥር ዛፍ

ያልተማረ ሰው ዓይን የለውም ያለው ማን ይሆን? ለመብራት ቢሮው ሽቦ የሚነኩ ዛፎችን ይመለምል የነበረውን ልጇን የመብራት ሽቦ ከገደለው ሦስት ቀን ሆነ። ኮት የለበሰ ሁሉ ሲጠየቅ፣ እናትየውን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት አንድ ሰው ጠፋ። በአራተኛው ቀን የመብራት ቢሮውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

መርማሪው ፖሊስ ሦስት ሠራተኞችን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧል።

«እማማ፣ ሥራ ላይ ነን» አለ የልጇ አለቃ የነበረው።

«እኔስ ለጨዋታ መጣሁ? ልጄን የማገዶ ሌባ ብለህ አስጽፈሃል። የልጅ ልጄን ትምህርት ቤት ‹የሌባ ልጅ› እያሏት ነው።»

«ሳልፈቅድለት፣ ለራሱ ማገዶ ሊቆርጥ ነው ዛፉ ላይ የወጣው። እኔ በዕለቱ ከቢሮ ንቅንቅ አላልኩም።»

መርማሪው ሴትዮዋ አርባ ዓመት በፍራፍሬ እርሻ ዛፍ ስትመለምል መኖሯን፣ ሙያውንም ለልጇ ያወረሰችው እሷ መሆኗን ሰምቷል። «ይጠይቁ፣ እናቴ» አላት።

ከታች ሆኖ የልጇን ገመድ ይይዝ ወደነበረው ጓደኛው ዞረች።

«አንተ፣ ለቅሶህን ቆየኝና፣ የላስቲክ ጓንቱ የት ነበር?»

«መኪናው ላይ። የቆዳውን ነበር ያጠለቀው።»

«መብራት ሳይጠፋ የላስቲኩን ያወልቃል?»

«እሱ? በሕልሙም! ፈሪ እያልን እንስቅበት ነበር።»

«እሱ ሲወጣ አንተስ የት ነበርክ?»

«ለመጋዙ ቤንዚን ላመጣ ሄጄ። አለቃው ከዛፉ ሥር ቆሞ...» አፉን ያዘ። አለቃው አቀረቀረ።

መስመር የሚያበራና የሚያጠፋው ሠራተኛ ሳይጠየቅ ቀደመ። «እኔን አጥፋ ያለኝ የለም! የዛፉ ቁጥር በወረቀት ካልመጣልኝ አላጠፋም።»

«ሠላሳ አራት ቁጥር ነው» አለ መርማሪው አለቃው የሞላውን የዛፎች ዝርዝር እያየ፤ «ከሁለት ወር በፊት ተመልምሏል ይላል።»

«ወረቀቱ ይበል! ዛሬ ጧት ከዛፉ ሥር ነበርኩ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቁስል በሁለት ወር ይጠቁራል፣ ልጡም ከዳር ይከበዋል። እዚያ ያሉት ሦስት ቁስሎች ግን ገና ነጭ ናቸው፤ የልጄ የመጨረሻ ሥራ ናቸው። አሮጌ ጠባሳ የሚባል የለም።»

በጣቷ ወደ አለቃው አመለከተች።

«ያልተመለመለውን ተመልምሏል ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ዛፎቹን የሚያይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ እንደነበር ልጄ ነግሮኛል። መብራት አጥፉ ለማለት ቁጥሩ መጻፍ አለበት፤ ቁጥሩ ከተጻፈ ደግሞ ውሸቱ ይወጣል። እናም ምስክሩን ቤንዚን አምጣ ብሎ ሸኘና ልጄን ‹ጠፍቷል፣ ውጣ› አለው። ልጄ አለቃውን አመነ። ጓንቱን ያወለቀው ለዚህ ነው።»

«የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነው...» አለ አለቃው፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሽቦውን ይነካል አላልኩም።»

መርማሪው ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ ልጄ፣ ከማሰርህ በፊት» አለች። ከዚያ በአለቃው ፊት ቆመች።

«ተነሥ! የልጅ ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ትወጣለች። በሩ ላይ ቁም። ጓደኞቿ እየሰሙ፣ ‹አባትሽ ሌባ አልነበረም፤ የገደለው የእኔ ውሸት ነው› በላት። በአንተ አፍ። እኔ ስነግራት ታለቅሳለች እንጂ አታምነኝም።»