የባልዲው ሰው

ኧርኒ ፒከርስጊል ዓርብ ጠዋት በካልደርሾ ራግቢ ክለብ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ገንዳው ሃያ ሰው አንድ ላይ የሚነከርበት ትልቅ የሴራሚክ ገንዳ ነው፤ ውሃው ግን የለም፣ ደርቋል። ጠርዙ ላይ ደም አለ። ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ወደ ሜዳ ሲሮጥ የኖረው ሽማግሌ ከሥሩ ተኝቷል። መጀመሪያ ያየው ሣር ተንከባካቢው ነው። ገንዳ የሚያጥብ መስሎት «እንደምን አደርክ ኧርኒ» ብሎት አልፎ ነበር፤ መልስ ሲያጣ ነው የተመለሰው።

ኢንስፔክተር ዶሪን ሰግደን ስትደርስ ሳጅን ክሊፍ ነገሩን ጨርሶ ነው የጠበቃት።

«ገዳዩ ተገኝቷል» አላት። «ሟቹ ራሱ ጽፎልናል።»

ከውሃ መውረጃው ቀዳዳ ያወጣውን አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ነጭ ፕላስተር በመሐረብ ላይ ዘርግቶ አሳያት፤ ተጫዋቾች የእጅ አንጓቸው ላይ የሚጠመጥሙት ዓይነት ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፦ ሐሙስ። ካልደርሾ። አሰልጣኝ ሃላስ። እሁድ ከብራክንሮይድ።

«የሞተው ሐሙስ አመሻሽ። ቦታው ካልደርሾ። ሰውዬው ሃላስ። ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ማኅተም?»

«ጭንቅላቱ የተፈረከሰ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ቁም ጽሕፈት ይጽፋል ክሊፍ?»

ዶሪን ቁጢጥ ብላ ተመለከተች። ከሟቹ ክንድ ሥር ጫፉ ዱልዱም የሆነ መቀስ አለ፤ ፕላስተር መቁረጫ ነው። የገንዳው ወለል ተፈትጎ ያብረቀርቃል፣ ብሩሹና ሳሙናው ጠርዙ ላይ በሥነ ሥርዓት ተቀምጠዋል። ፕላስተሩ በአንድ ምት ነው የተቆረጠው፤ በሚጣበቀው ወገኑ ላይ ጥቂት የክንድ ጸጉር ቀርቶበታል።

«አለቃችን እስከ አሥር ሰዓት ሃላስን እንድናስር ይፈልጋል» አለ ክሊፍ።

«አሥር ሰዓት ገና ነው» አለች።

ዶሪን የዚያው ከተማ ልጅ ናት። አባቷ በዚሁ ሜዳ አሥራ አንድ ዓመት የፊት መስመር ተሰልፎ ሲጋጭ ኖሯል፤ በመጨረሻ የገዛ ቤቱ መንገድ እስኪጠፋው ድረስ። ስለዚህ እሁድ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አላስፈለገም። እሁድ የወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ካልደርሾ ካሸነፈ በአንደኛ ዲቪዚዮን ይቆያል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። ካለፉት ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱን ተሸንፏል። ፋብሪካዎቹ ተዘግተው፣ ወንዱ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ በሚውልበት ከተማ፣ ከዚህ ቡድን ሌላ የቀረ ነገር አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ሚስተር ታክሬይ ቢሮው ውስጥ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀምጧል።

«ኧርኒ ትናንት ከሰዓት እርስዎ ጋ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር። ትሬቨር ኦልድሮይድን እሁድ ካሰለፋችሁ ለሊጉ ሐኪም እደውላለሁ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ከተመታ ይሞታል አለኝ። አምበላችንን እኮ ነው! አሥራ ሦስት ቁጥራችንን! ያለ እሱ እሁድ አለቀልን ማለት ነው።»

«ምን መለሱለት?»

ታክሬይ ጠረጴዛውን ተመለከተ። «ስፖንጅህን ይዘህ ሂድ አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ።» ማታ ከስድስት ሰዎች ጋር እራት ላይ ነበር፤ ስድስቱም ይመሰክሩለታል።

አሰልጣኝ ብራያን ሃላስን ባዶው የተመልካች መቀመጫ ላይ ሲጋራ ከሲጋራ እያያያዘ ነው ያገኘችው። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው።

«ከኧርኒ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ከኧርኒ ጋር ያልተጣላ ማነው? ሚስቱም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰላሳ ዓመት ተጣልታዋለች።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ስሜ እዚያ ፕላስተር ላይ አለ አሉ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ኢንስፔክተር፣ እኔ አልነካሁትም።»

«ኧርኒ ሜዳ ላይ ምን ነበር የሚሠራው? በደንብ ይንገሩኝ።»

«ሰው ተመትቶ ሲወድቅ ሮጦ ይገባል፣ ስፖንጁን አንገቱ ላይ ይጨምቃል፣ ከዚያ ይጠይቀዋል። ሁልጊዜ እነዚያኑ ጥያቄዎች። አንዴ አንዱን ‹አሰልጣኝህ ማነው› ቢለው ‹እናቴ› አለው፤ እየጎተትን አስወጣነው። ለመለሰ ይፈቅዳል፤ ካልመለሰ ንጉሥም ቢሆን ይወጣታል።»

«ትሬቨርስ? ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተመታ?»

«አራት። አምስት ይሆናል። ግን ሁሌም ይመልሳል፤ ከሁሉም ቶሎ የሚመልስ እሱ ነው።»

«ትናንት ከልምምድ በኋላ መጨረሻ የቀረው ማነው?»

ሃላስ ሲጋራውን በጫማው ጨፈለቀ። «ሁላችንም አብረን ወጣን» አለ፤ ሲል ግን ዓይኖቹ ወደ ሜዳው ሸሹ።

ትሬቨር ኦልድሮይድ መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ከአሥራ ሦስት ቁጥር መስቀያው ሥር ተቀምጧል። የበር ስፋት ያለው፣ አፍንጫው የተጣመመ፣ ድምፁ ግን የለሰለሰ የሰላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ስትገባ ብድግ አለላት።

«ሻይ ሰጡዎት ኢንስፔክተር? ሞሪን ጥሩ ሻይ ታፈላለች።»

«እጠጣለሁ፣ ተመስገን። ትናንት ምን ምን ሆነ ትሬቨር?»

«ልምምድ። ገንዳ። ቤት።» የግራ እጅጌውን ገልጦ አየት አደረገና መለሰው። ሰዓት የሚያይ መስሏት ነበር፤ በሌላው እጁም ሰዓት አላየችም።

«ኧርኒን አነጋገርከው?»

እንደገና እጅጌውን አየት አደረገ። ፊቱ ቀስ እያለ ፈረሰ።

«ኧርኒ ሞቷል» አለ። «አሥራ ሁለት ዓመት አፍንጫዬን ሲያቃናልኝ ኖሮ። ማነው በዚህ ሰው ላይ እጁን የሚያነሣው? ካገኙት ለኔ ይስጡኝ።» እንባው እውነተኛ ነበር፤ ዶሪን የሐሰት እንባ ለይታ የምታውቅ ሴት ናት።

አፍንጫውን ጠራረገና ቀና አለ። «ሻይ ሰጡዎት ኢንስፔክተር? ሞሪን ጥሩ ሻይ ታፈላለች።»

ዶሪን እንዲህ ያለውን ጥያቄ ታውቀዋለች። እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷ በቀን አምስት ጊዜ «እናትሽ የት ሄደች?» ይላት ነበር። እውነቱን በነገረችው ቁጥር መርዶው ለእሱ አዲስ ነበር፤ ሰውዬው በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ጊዜ ሚስቱን እንደቀበረ ፈጣሪ ይወቀው።

ሞሪን ኦልድሮይድ ሻይ ቤቱ ውስጥ የእሁዱን የሥጋ ፓይ ዋጋ ካርቶን ላይ ትጽፋለች። ጠቆር ያለ ቀጭን ሴት ናት፤ ዓይኗ ሥር እንቅልፍ ማጣት አጥልቷል።

«ባልሽ ትናንት በስንት ሰዓት ገባ?»

«ሦስት ሰዓት አካባቢ።»

«ልምምዱ ያለቀው ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ቤታችሁ ደግሞ አምስት ደቂቃ ነው።»

«ወሬ ይይዘዋል። ወንዶች አይደሉ?» ካርቶኑን ገለበጠችው። «ኢንስፔክተር፣ እሁድ ካለፈ ያቆማል። ምሎልኛል። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የቀረው።»

«ስለ ጨዋታው መች ጠየቅሁሽ?» አለች ዶሪን ቀስ ብላ።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ዶሪን ሁሉንም ሻይ ቤት ሰበሰበቻቸው። ታክሬይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ሃላስ በሩ አጠገብ ቆሟል፣ ክሊፍ ደግሞ ከሃላስ አጠገብ፣ ካቴናውን እየነካካ። ሞሪንና ትሬቨር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የኧርኒ ባልዲ፣ ስፖንጁ ተንጠልጥሎበት፣ ጥግ ላይ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አይታወቅም።

«ከገንዳው እንጀምር» አለች ዶሪን። «ኧርኒ ገንዳውን የሚያጥበው ሁሉም ታጥበው ከሄዱ በኋላ ነው። ፈትጎ፣ መውረጃውን ጠርጎ ጨርሶ ነበር። እንግዲህ ይህ ፕላስተር እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የገባው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ከኧርኒ ጋር አብሮ የወደቀ ነው ማለት ነው። ተጫዋች የራሱን ፕላስተር እንዴት ነው የሚያወልቀው ሚስተር ሃላስ?»

«ይቦጭቀዋል። በጥርሱም ቢሆን።»

«ይህ ግን በመቀስ ነው የተቆረጠው፤ መቀሱም የኧርኒ ነው። ኧርኒ የአንድ ሰው እጅ ይዞ፣ ከላዩ ላይ ሲቆርጥበት ነበር። ለምን? የሚታከም ነገር አልነበረም፣ ልምምዱ አልቋል። ሊያነበው ነው የፈለገው።»

«ቀጠሮ ነው» አለ ክሊፍ። «ሐሙስ፣ ካልደርሾ፣ ሃላስ።»

«እኔም ግማሽ ቀን እንደዚያ ሳነበው ዋልኩ። ግን ክሊፍ፣ ሐሙስ ቀን ‹ዛሬ ሐሙስ ነው› ብሎ እጁ ላይ የሚጽፍ ማነው? በገዛ ከተማው ቆሞ የከተማውን ስም፣ አራት ዓመት ያሠለጠነውን ሰው ስም የሚጽፍስ? ሚስተር ሃላስ፣ የኧርኒን ጥያቄዎች እስቲ በተራ ይጥሩልን።»

ሃላስ አፉን ከፈተ። ቀለሙ ከፊቱ ላይ ሲሄድ ሁሉም አየው። «ቀኑ ምንድን ነው» አለ። «የት ነህ። አሰልጣኝህ ማነው።» ቆመ። «ቀጥሎ የምንጫወተው ከማን ጋር ነው።»

«መልሶች ናቸው» አለች ዶሪን። «አንድ ሰው ዘንድሮ ኧርኒን ሲያልፍ የከረመው በዚህ ነው። ትናንት ኧርኒ ብቻውን አስቀርቶ ጠየቀው። ሰውዬው እጁን አየት ሲያደርግ ያዘው፤ ቆረጠው። እጅ ተመናጨቀ፣ ሽማግሌ ወደ ኋላ ሄደ፣ ኋላው ደግሞ ባዶ ገንዳ ነው። ከዚህ በላይ አልነበረም። ያ ሰው ቤቱን ፍለጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ዞረ። ሲደርስ የሆነውን ረስቶታል። ትሬቨር፣ የግራ እጅጌህን ሰብስብልኝ።»

ትሬቨር እንደ ታዛዥ ልጅ ሰበሰበ። አንጓው ላይ አዲስ ፕላስተር አለ። ዶሪን በገዛ መቀሷ ቀስ ብላ ቆርጣ አነሣችው፤ ከሥሩ ትናንትና የተጫረ ቀይ መስመር ነበር። ከፓይ ዋጋው ካርቶን አጠገብ አኖረችው። ጽሕፈቱ አንድ ነው። ጮክ ብላ አነበበች፦

«ዓርብ። ፖሊሷ ሰግደን። ኧርኒ ሞቷል። የት አለ ብለህ አትጠይቅ።»

ሞሪን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ጠዋት ሃላስ ደውሎ ነገረን። ትሬቭ እያለቀሰ ወጣና ጫማውን አስሮ ሲመለስ ‹ኧርኒ ባልዲውን አዘጋጀ?› አለኝ። ምን ላድርግ? ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው። ጭረቱን አይቼዋለሁ ... አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከጥር ጀምሮ ነው የምጽፍለት። አንድ ጨዋታ ነበር የቀረን።»

«መጨረሻ የቀረው እሱ እንደነበር ያውቁ ነበር» አለች ዶሪን ሃላስን።

«አውቃለሁ። ኧርኒ አስቀረው።» ድምፁ ተሰበረ። «ቶሎ ቶሎ ሲመልስ ደስ ይለኝ ነበር። እንዴት ብዬ አልጠየቅሁም። አለመጠየቁ ነው የጠቀመኝ።»

ታክሬይ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሕጉ ለእናንተ ለሁለታችሁ አንቀጽ ይኑረው አይኑረው አላውቅም» አለች ታክሬይንና ሃላስን። «አንድ ሽማግሌ በቀጥታ መጥቶ ይሞታል ብሎ ነገራችሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ይህን እጽፈዋለሁ። ትሬቨር ደግሞ ከዚህ የሚሄደው ወደ ሐኪም ነው። እሁድ አይጫወትም። ኧርኒ የሞተበትን ነገር ቢያንስ አግኝቷል።»

ትሬቨር እስካሁን እጆቹን ሲያይ ነበር። «እኔ ነኝ?» አለ። «ሞ፣ እኔ ነኝ ኧርኒን ...?» ሞሪን አቀፈችው። ያ ግዙፍ ሰው ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ደፍቶ፣ ክፍሉን ሁሉ በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ አለቀሰ። ክሊፍ ካቴናውን ኪሱ ከተተና ወደ መስኮቱ ዞረ። ከውጭ ለእሁድ ሜዳውን በኖራ የሚያሰምሩት ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

ለቅሶው ቀስ በቀስ ረገበ። ትሬቨር ቀና አለ፣ ፊቱን በክንዱ ጠረገ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ሁሉም ለምን እንዳዘኑ ያልገባው ይመስላል። የግራ አንጓውን አየት አደረገ። ባዶ ነው። ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ አየ፤ ፊቱ በራ።

«ኧርኒስ የት አለ?» አለ።

ሃላስ አንገቱን ደፋ። ትሬቨር ወደ ዶሪን ዞረና መልሱን ጠበቀ።

ዶሪን ስፖንጁን ከባልዲው ላይ አንሥታ በእጇ ያዘችው። ደረቅ ነበር።

«ውሃ ሊቀዳ ሄዷል» አለችው። «ና፣ እኛ ቀድመን መኪና ውስጥ እንጠብቀው።»